በሰይድ ሰደቃ ላይ የቀረበ ጫት

ወላሂ እስካሁን ንዴቴ አልበረደልኝም። ጓደኛዬ ሰይድ፣ አላህ ይርሀመውና፣ መካነ ሰላም ውስጥ ስንቱን ሰው ከጫት ያላቀቀ ልጅ ነበር፤ እኔንም ጨምሮ። ከምሳ በኋላ ሐራራ ሲይዘን ግቢው ይጠራንና የድንጋይ አጥሩን አፍርሰን እንደገና እንድንክብ ያደርገን ነበር። እጃችን ተልጦ ላባችን ሲንጠፈጠፍ ሐራራው ያልፋል።

ታዲያ ለአርባው ሰደቃ ብዬ ቤቱ ስገባ ምን አየሁ? መሀል ምንጣፉ ላይ ጫት ተከምሯል! “አባባ፣ በሰይድ ቤት ጫት?” አልኳቸው አጎቱን።

“ያለ ጫት ዱዓው በምን ይሞቃል ልጄ? ይልቅ ለእሱ ብለህ ቃም” ብለው አንድ እስር ጭኔ ላይ ጣሉልኝ። ይባስ ብሎ ሽታው አፌን በምራቅ ሞላው። ቀና ስል፣ አብሮኝ ያን ድንጋይ ሲክብ የነበረው ከማል ጉንጩን ወጥሮ ተቀምጧል። ሲያየኝ አንገቱን ደፋ።

እስሩን ወርውሬ ወጣሁና አጥሩን ማፍረስ ጀመርኩ። አጎትየው እየጮሁ ተከተሉኝ፦ “የሐዘን ቤት አጥር የሚያፈርስ ምን ዓይነት ሰው ነው?”

“ሰይድ ያዳነው ሰው!” አልኳቸው፣ ድንጋዩን ከእጄ ሳላወርድ።