ከጋራዥ ጀርባ የተቀጠፈ ዳማከሴ

በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። ከዳንግላ ገበያ ወደ ሰፈሬ በጋሪ ስመለስ ባለጋሪው መንገድ ዳር ካለው የመኪና ጋራዥ አጠገብ ፈረሱን ገታ አድርጎ አንድ ሽማግሌ አሳፈረ። ጋሼ ቢሻው ነበሩ፤ በከተማው የታወቁ መድኃኒት አዋቂ። በጋቢያቸው ጫፍ አንድ እስር ዳማከሴ ሸፍነዋል። «እንዴት ዋሉ?» ብላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ እንጂ አልመለሱልኝም። አልተቀየምኩም። መድኃኒት የቀጠፈ ሰው ለበሽተኛው ሳያደርስ ከተናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል የሚል ሕግ ከአባታቸው ወርሰዋል። እኛም ዝምታቸውን ለምደነዋል።

አጠገቤ የተቀመጠችው ስሜነሽ ግን ዝም አላለቻቸውም። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ አምና በኬሚስትሪ ተመርቃ የመጣች፣ ሰው አክባሪ፣ የያዘችውን ግን የማትለቅ።

«ጋሼ፣ ከጋራዡ ጀርባ ካለው ቦይ ነው የቀጠፉት? ሲወጡ አይቻለሁ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«ለየወርቅውሃ ነው?»

የወርቅውሃ አንድያ ልጃቸው ናት። ስምንተኛ ወሯን ይዛ ሳለ ምች መታት ተብሎ ተኝታለች። ስሟን ሲሰሙ እስሩን ወደ ደረታቸው አስጠጉ፤ መልሱ ይኸው ነበር። ስሜነሽ ደነገጠች።

«እባክዎ እንዳያጠጧት! እዚያ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ ያጥባሉ። ባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ የሚባል ብረት አፈሩ ውስጥ ይገባል፤ ተክሉም ከውሃው ጋር ይስበዋል። መርዝ ነው ጋሼ፤ ከእናቲቱ አልፎ ማኅፀን ውስጥ ላለው ሕፃን ይደርሳል።»

ጋሼ ቢሻው ፈነዱ። «ይኸው አናገርሽኝ! ረከሰ፤ ተመልሼ ልቀጥፍ ነው! በዚህ እጅ ስንቱ ድኗል? ለገዛ ልጄ መርዝ አጠጣለሁ?»

«ኧረ የጠረጠርኩት እርስዎን አይደለም፤ ቦታውን ነው። ዳማከሴንማ እኔም ሲያመኝ እጠጣለሁ።»

«አጥቤ ነው የምጨምቀው። ደግሞስ ቅጠሉን እይው! በዚህ ደረቅ ወራት እንዲህ የለመለመ የት ይገኛል?»

«የለመለመው የጋራዡ እጣቢ ስለሚያጠጣው ነው። አቧራው ይታጠብ ይሆናል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ግን ማጠብም ማፍላትም አያወጣውም። በዓይን አይታይ፣ በምላስ አይታወቅ።»

«አንቺ ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«የዚህን ቦይ አልመረመርኩም፤ አልዋሽዎትም። ከመንገድ ዳር የተለቀመ ቅጠል ላይ ግን ስንማር ፈትሸን እርሳስ አግኝተንበታል። ለነፍሰ ጡር ጥርጣሬው ብቻ አይበቃም?»

ነገሩ ሲከር ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ጋሼ፣ ከጓሮዎ ቢተክሉትስ?» አልኳቸው።

«ሰው የተከለው ኃይል የለውም። አባቴ ከጫካ ነበር የሚቀጥፉት።»

«ጫካው የት አለ?» አለች ስሜነሽ። «ሁሉም ለከሰል የሚተከል ግራር ሆኗል። ሰው ያልተከለበት ቦታ ሲፈልጉ የጋራዥ ቦይ ላይ ደረሱ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ሲቀጥፉ የማይናገሩት ለምንድን ነው?»

«ምንም ሳይነካው ንጹሕ ሆኖ እንዲደርስ ነዋ!»

«አባትዎ የሰው ቃል እንኳ እንዳይነካው ሲጠብቁት ኖረው፣ እርስዎ የባትሪ እጣቢ ያስነኩታል?»

ጋሼ ቢሻው እስሩን ከደረታቸው አርቀው አዩት። አዘንኩላቸው።

«ትናንት ጠጥታለች» አሉ በመጨረሻ። «ከዚያው ከቦዩ።»

ስሜነሽ አልወቀሰቻቸውም። «አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት። የጠጣችውን ሳንደብቅ እንንገራቸው።»

ቤታቸው ደጃፍ ስንወርድ እስሩን ሊጥሉት ሲሉ ፈረሱ አንገቱን ሰደደ። እንዳይበላው ፈጥነው እስሩን ወደ ኋላ ሳቡት፤ ወስደው ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ገብተው በእኛ ፊት «ልጄ፣ ትናንት ያጠጣሁሽ ንጹሕ አልነበረም፤ ተነሺ፣ ሐኪም ዘንድ እንሂድ» አሏት። በመድኃኒት ስሙ የገነነ ሰው እንዲህ ብሎ መናገሩ ቀላል አይደለም፤ ያን ቀን ከምንጊዜውም ይልቅ አከበርኳቸው።

ጤና ጣቢያ ስትመረመር ትኩሳቷ ወባ ሆኖ ተገኘና በጊዜ ታከመች። እርሳሱን የሚለካ መሣሪያ እዚያ ስላልነበረ፣ ያን ቅጠል ዳግመኛ እንዳትቀምስ አስጠንቅቀው ክትትል ጀመሩላት። እስክትወልድ ድረስ ሽማግሌው እንቅልፍ አልነበራቸውም። በግንቦት ሴት ልጅ በደኅና ተገላገለች።

ዛሬ የጋሼ ቢሻው ጓሮ፣ ከመንገድም ከጋራዥም ርቆ፣ ዳማከሴና ጤና አዳም ሞልቶበታል። ጥቅሙን ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል፦ አፈሩ ይታወቃል፤ ውሃው ይታወቃል፤ ተክሉም ከምድረ ገጽ አይጠፋም። ትኩሳት የያዘውን ሰው ግን ጋሼ አስቀድመው ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። የጋራዡ ባለቤትም ስሜነሽ ስትነዘንዘው ከርማ ባትሪ መስበሩን ትቷል።

አንድ ማለዳ ባጥራቸው ሳልፍ ሲቀጥፉ አየኋቸው። እንዳላረክስባቸው ብዬ ድምፄን አጥፍቼ ላልፍ ስል ጠሩኝ።

«ምነው ዝም አልክ? ከየት ቀጠፉት ብለህ ጠይቀኝ እንጂ!»