እሳት የማይነካው ትሪ

ጣፋጭ ሠሪዋ ወይዘሮ ትሪውን ወደ ምድጃው ሊያስገቡ ሲሉ የወንድማቸው ልጅ የረሳችውን ጃንጥላ ልትወስድ ተመልሳ ከተፍ አለች። የምግብ ሳይንስ ተምራ፣ በአክስቷ ማድረቂያ ክፍል ምላስ ላይ የሚሟሟ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ጣፋጭ የምትሠራ ልጅ ናት። ትሪው ላይ ያለውም የእሷው ሥራ ነበር።

«አክስቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አንድ ጊዜ እሳት ላሳየው ብዬ ነዋ! አንቺ በማራገቢያ ብቻ አድርቀሽው ትሄጃለሽ። እኔ ደግሞ እሳት ያልነካው ነገር ከቤቴ አውጥቼ አላውቅም።»

«ያለፈውንም እንዲሁ አድርገውት ነበር?»

«ያለፈውንም፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም። ምነው፣ ባገዝኩሽ?»

ልጅቷ አሁን ነገሩ ገባት። ጣፋጩ ውስጥ የምትጨምራቸው ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በተመረመሩ ቁጥር ሞተው ይገኙ ነበር። ነገ ጣፋጩን ለበሽተኞቹ ያዘዘው ሆስፒታል የምግብ ባለሙያ ናሙና ሊወስዱ ይመጣሉ፤ ይህም ከሞተ ሥራው ለሌላ ይሰጣል ተብላለች። ዕንባዋን ጠርጋ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«አክስቴ፣ ገደሏቸው እኮ!»

«ጀርም መግደል ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? ሰው ተምሮ ተምሮ ጀርም ያረባል?»

«ወተቱን እርጎ የሚያደርገውስ ማን ሆነና? እርጎ ሲበሉ በሚሊዮን ይውጧቸዋል።»

ወይዘሮዋ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። መረታት ግን አይወዱም።

«እሺ፣ አንቺስ ስታደርቂያቸው አይሞቱም?»

«ቀስ ብለው ከደረቁ አብዛኞቹ ይተኛሉ እንጂ አይሞቱም። ስኳርና የወተት ፕሮቲን የምጨምረው እንደ ብርድ ልብስ እንዲሸፍናቸው ነው። ሙቀትና እርጥበት ግን ይፈጃቸዋል።»

«ይሄ ወሬ ነው። አሳዪኝ!»

እንዲህ ያለውን ክርክር ጩኸት አይፈታውም፤ ልጅቷም አልጮኸችም። ከትሪው ሁለት ቁራጭ ወስዳ አንዱን እንደ አክስቷ ልማድ እሳት አሳየችው። ወተት አፍልታ ለብ እስኪል ጠበቀች፤ በሁለት ንጹሕ ብርጭቆዎች ቀድታም በየአንዳንዳቸው አንድ ቁራጭ ጣል አደረገች። ሸፍናም ሞቅ ያለ ቦታ አሳደረቻቸው።

ጠዋት ወይዘሮዋ ከማንም ቀድመው ተነሱ። እሳት ያየው ቁራጭ የገባበት ወተት እንደ ነበረ ነው። ሌላው ረግቷል፤ ብርጭቆውን ቢያዘነብሉት አልፈሰሰም።

«ለካ ሳስለቅስሽ የከረምኩት እኔ ነኝ!» አሉ ልጅቷ ስትገባ። በእርግጥም አፍረው ነበር።

«ንጽሕናንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፣ አክስቴ። እጃችንንና ዕቃችንን እንደ ድሮው እናጥባለን፤ ስኳሩንና ወተቱንም አስቀድመን እናፈላለን። ሕይወት ያለው ከገባ በኋላ ግን እሳት የለም።»

ባለሙያው ሲመጡ ወይዘሮዋ ልጅቷን አፍ አላስከፈቷትም። የረጋውን ወተት አፍንጫቸው ሥር ደግነው «ይመልከቱ፣ ሕያው ነው!» አሉ። «ክኒን መዋጥ ለሚያቅተው በሽተኛ ምላሱ ላይ ይሟሟለታል። ሐኪም የፈቀደለት ሁሉ ያለ ጭንቅ ይወስደዋል። ደግሞም ቀላል ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል።»

«ቤተ ሙከራው ከደረሰ በኋላም በሕይወት ከተገኘ ሥራው የልጅዎ ነው» አሉ ባለሙያው። የጣፋጩን ሳጥን ተቀብለውም ወደ መኪናቸው ሄዱና ፀሐይ በሚያቃጥለው መስተዋት ሥር አስቀመጡት።

«ኧረ እዚያ አይደለም! ይሞታሉ!» አሉ ወይዘሮዋ።

«እነማን?»

ወይዘሮዋ ሽርጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሳጥኑን አንስተው ጥላ ባለው የኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ላይም አኖሩት።

«እኔው እይዛቸዋለሁ» አሉ። «በሉ ይንዱ!»