የኛ ናት ያልናት መኪና

ነይ ግቢ ሰዓዳዬ… ቀስ ብለሽ፣ በጎን። እንደሱ ነው፤ ሆድሽን ሰብሰብ፣ ትንፋሽሽን ዋጥ። ደጄ ላይ መኪና ከቆመ ወዲህ እኛም እንዲሁ ነው የምንወጣ የምንገባው። ደህና ነሽ? ልጆቹስ? ባልሽ ከሊል ከመርካቶ የሱቁን ዕቃ ይዞ ተመለሰ? እሰይ። እስቲ ቁጭ በይና ይቺን ምስር አብረን እንልቀማት። ዘንድሮ ጠጠሩ ከምስሩ በልጧል፤ ዓይኔም የድሮው አይደለም።

ጮክ ብዬ ማውራቴን እንዳትታዘቢኝ። ጆሮዬ ደክሟል መሰለኝ… ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ውሃ ይንቧቧል፤ መኪናዋ እየታጠበች ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በሳሙና ነው የምትታጠብ። እንዲህ ያለ ንጽሕና የት ይገኛል? ወልጄ ያሳደግኳቸው ስድስት ልጆች እንኳ ሳሙና የሚያዩት ለጥምቀት ነበር።

እኔ እኮ ባለቤቷን አመስግኜ አልጠግብም። በእግሩ ፋብሪካ ሲመላለስ አንተ እለው ነበር፤ ይቺን ሴይቼንቶ መኪና ከገዙ ወዲህ ግን አንቱ ብያቸዋለሁ። አራት ጎማ ላይ የተቀመጠ ሰው እንዴት አንተ ይባላል? የፋብሪካ ጸሐፊ፣ በዚያ ላይ የዕድራችን ጸሐፊ። ፊደል የቆጠረ ጎረቤት እንዴት ያለ በረከት መሰለሽ! እኛ አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን እናትማለን፤ ምን ላይ እንዳተምን እሳቸው ያውቁልናል። ምን ቸገረን?

የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ የመጣ ቀን እዚህ ነበርሽ አይደል? "መንገድ ላይ የምታድር መኪና ሁሉ የማቆሚያ ፈቃድ ታወጣለች፣ በዓመት ሠላሳ ብር" አለና፣ "ይቺ የማን ናት?" ሲል ጠየቀን። መቼም እዚህ አቃቂ የጎረቤት ልጅ አይተው "የማን ነው?" ቢሉን "የኛ ነው" ነው የምንለው። ላሟም የኛ፣ ሙሽራዋም የኛ። "የሷ ነው፣ የሱ ነው" ማለት ነውር ሆኖብን አይደል ያደግነው? ቀድማ "የኛ ናት!" ያለች ማን መሰለችሽ? እኔው አሰጋሽ። ከኔ ወርቅነሽ ተቀበለች፣ ከሷ አንቺ፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ። ሰውዬው ጻፈ፣ እኛ አተምን። ምን እንደጻፈ ያወቅነው በኋላ ዕድር ላይ ሲነበብልን ነው። የመኪናዋ ባለንብረት… የሰፈሩ ሕዝብ።

እሳቸው እኮ እዚያው ቆመው ነበር። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ መሬት መሬቱን እያዩ። እንዴት ያሉ ትሑት ናቸው! በቀን አርባ ጊዜ "መኪናዬ" የሚሉ ሰው፣ ያን ቀን አንዴ… አንዲት ጊዜ እንኳ "የኔ ናት" አላሉም። እንዲህ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ሰው በዚህ ዘመን አይተሻል?

ሠላሳው ብር ለሃያ ቤት ሲካፈል አንድ ብር ከሃምሳ ነው። ሂሳቡን እሳቸው ናቸው የሠሩልን። ከዕድሩ መዋጮ ጋር ይከፈላል፤ እስከ ነገ ያልከፈለ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። እሳቸውም እኮ የድርሻቸውን አንድ ብር ከሃምሳ ከፍለዋል! እንደ ማንኛችንም! ማን አስገደዳቸው?

"መኪናዋ የሰፈሩ ክብር ናት" አሉ። እውነታቸውን ነው። እታገኝን ምጥ የያዛት ቀን ሆስፒታል ማን አደረሳት? ለቤንዚን ሦስት ብር ብቻ ነው የተቀበሏት። የመመለሻውን አልጠየቁም፤ "ባዶዋን ነው የተመለሰችው" ብለው ተዉላት። ማን እንዲህ ይተዋል?

የዲንቄ የከሰል አህያ እዚሁ ቦታ ላይ ስትቆም ምን እንዳሉ ታስታውሻለሽ? "መንገድ የመንግሥት ነው፣ ማንም እንስሳውን አያቁምበት።" አህያ ስትቆም የመንግሥት፣ መኪና ስትቆም የሰፈሩ… እኔ ያልተማርኩ ሰው፣ መንገዱ መቼ መቼ እጅ እንደሚለውጥ በየት አውቄው? የተማረ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ብቻ ብጠይቃቸው ደስ ይለኝ ነበር። ከፍዬ ስጨርስ ለኔ የሚደርሰኝ የቱ ነው? ስስታም አይደለሁም፤ መሪውንም በሩንም አልልም። ደጄን የዘጋችው የኋላ ጎማ ትበቃኛለች። ሌባ እንዳይነካብኝ ፈትቼ ቤት አስገባታለሁ… ውሃው ዝም አለ አይደል? አጥበው ጨርሰው ይሆናል።

ያን ሰሞን ፀሐዩ ያረፈ ጊዜስ? የዕድሩ ቃሬዛ ያለው እኔ ቤት፣ ደጄ ላይ መኪና። በበር አልወጣ ቢል በአጥር አሻገርነው። እሳቸው ታዲያ ወጥተው ከጎናችን ቆሙ። "ፓራፋንጎዋን፣ የጭቃ መከላከያዋን እንዳትጭሩ፣ ቀስ" እያሉ። ሟቹ ጎረቤታቸው ነበር፤ ቢሆንም ኀዘናቸውን ዋጥ አድርገው ለንብረታቸው… ይቅርታ፣ ለንብረታችን ሲጨነቁ ሳይ እንባዬ መጣ።

እኔ ምን ያሳስበኛል መሰለሽ… ሰባን ካለፍኩ ቆየሁ። ባሌ የባቡር ሠራተኛው ከሞተ አሥራ ሰባት ዓመቱ። ያን ጊዜ ድንኳን የጣለልኝ፣ ሦስት ቀን አብሮኝ የተቀመጠ ይኸው ዕድር ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ወር አጉድዬ አላውቅም። ከዚህ ዓለም የቀረኝ ነገር ቢኖር ቀብሬ ነው ሰዓዳ። ነገ የሚሰርዙት ቀብሬን ነው። ብሩን አጥቼ እንዳይመስልሽ፤ ይኸው መቀነቴ ላይ ተቋጥሯል። ልፈታው ስል እጄ እምቢ አለኝ እንጂ… እርጅና ይሆን?

እናልሽ ትናንት ከገበያ ስንመለስ እነወርቅነሽ "እማማ አሰጋሽ ከተሰረዘች እኛስ ምን እንሠራለን?" አሉ። እታገኝም አለች፣ የፀሐዩ ሚስትም አለች። ነገ ስም ሲጠራ ሁላችንም አንድ ቃል ነን፤ "ይሰረዝ።" አሥራ ዘጠኙም ቤት። ጠብ የለ፣ ቅያሜ የለ። የሳቸውን ሥራ እናቅልል ብለን ነው። አንድ ስም ብቻ ያለበት መዝገብ እንዴት ይመቻል! ሊቀመንበሩ እሳቸው፣ ገንዘብ ያዡ እሳቸው፣ አባሉም እሳቸው። ስብሰባ ቢቀሩ እንኳ ማን ይቀጣቸዋል? እኛ ግን ከቀብር የማንቀር ድሆች ስለሆንን አዲስ እንጀምራለን… ከከሊል ሱቅ ባዶ ደብተር አይጠፋም መቼም? ይጠፋል እንዴ?… ጎሽ፣ የኔ ልጅ። የናንተን ስም መጀመሪያ ነው የምናስጽፈው።

ልትሄጂ ነው? ምስሩም አለቀ። በጎን ውጪ፣ ነጠላሽ ዕቃቸውን እንዳይነካ። ስታልፊ ቆም በይና ምርቃቴን አድርሺልኝ፤ ትልቅ ሰው በአጥር ላይ አይመረቅም። እንዲህ በያቸው… እማማ አሰጋሽ ከልቧ ትመርቅዎታለች። እግዜር ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ያርዝመው፣ እኛን አሥራ ዘጠኝ ቤት ሰዎች አንድ በአንድ ሸኝተው ይጨርሱን። መንገዱ ሁሉ ለርስዎ ይቅር፤ ማንም አይጋፋዎ፣ ማንም ፈቃድ አይጠይቅዎ። እርስዎም በተራዎ የሚያርፉበት ቀን ሲመጣ፣ ደጅዎን የሚያጣብብ አንድም ሰው አይኑር… መኪናዎ እንደልቧ ትውጣ።

አሜን በይ እንጂ፣ ሰዓዳ። ምርቃት እኮ ነው።