ለይርጋለም «አልቋል» ያልኩበት ቀን

ክቡራትና ክቡራን፣ የእንስሳት ክሊኒካችን ኃላፊ አቶ ሰውመሆን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ሥራችሁን ትታችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስላለበሳችሁኝ ጋቢም ክበሩልኝ። ንግግሬን ሰምታችሁ ብታለብሱኝ ግን ይሻል ነበር።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት የፎገራን ከብት ስከትብ ኖሬ፣ በመጨረሻ የምታወቀው በድመቴ ነው። ሳቁ፣ አልቀየምም። ሻሼ ውኃ አልጠግብ ስትል፣ ስትከሳ፣ የኋላ እግሯ ሲልፈሰፈስ ጊዜ ከጆሮዋ ጫፍ ደም ወስጄ በሰው የስኳር መለኪያ ለካሁት። ስኳር ነበር። «ደግሞ ድመትን ስኳር ይይዛታል?» ብሎ ባልደረባችን አዛናው ሳምንት ሙሉ ሳቀብኝ።

ልጅ የለኝም፤ ቤት ስገባ ድምፅ የምታሰማኝ እሷ ነበረች። ፍትፍቱን አስትቼ ሥጋና ዓሣ ብቻ አበላኋት። ጠዋትና ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ በልታ ስትጨርስ ማጅራቷን ቆንጠጥ አድርጌ ኢንሱሊን እወጋት ነበር። ብልቃጡን እርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ አኖረው ነበር። ይህን ዘዴ ማን አስተማረኝ? ይርጋለም፣ የመድኃኒት ክፍል ሠራተኛችን። እሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ይወጋ ነበር። ሁልጊዜ ጠዋት «እታለም፣ የበሽታ ጓደኛዬ እንዴት አደረች?» ይለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት መንገዱ ሲዘጋ ኢንሱሊን ከወረታ ጠፋ። ማክሰኞ ከሰዓት ይርጋለም ቤቴ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል።

«እታለም፣ ከተወጋሁ ሁለት ቀን ሆነኝ። ከሻሼ የተረፈ አለሽ?»

«አልቋል» አልኩት።

ገንቦው ከኋላዬ ነበር። ግማሽ ብልቃጥ ነበረኝ። ለምን ዋሸሁ? መንገዱ ነገ ይከፈታል ብዬ ነበር። እሱ ሰው ነው፣ ሌላ ቦታ ያገኛል፤ እሷ ከእኔ ሌላ ማን አላት ብዬ ነበር። እሱ አልጠረጠረኝም። «እንግዲህ እሷንም እግዜር ይጠብቅልሽ» ብሎኝ ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት ብልቃጡን ይዤ ሮጥኩ። ስደርስ ባለቤቱ ገላነሽ ባጃጅ ላይ እያስጫነችው ነበር። ዓይኑ ተገልጧል፣ እኔን ግን አልለየኝም። ሆስፒታል እኔ ከያዝኩት ብልቃጥ ወጉት። ሐኪሙ «ትናንት ቢሆን ኖሮ» አለ። ሐሙስ አረፈ።

ከዚያ ያለ መርፌ የቀረችውን የሻሼን ሞት ጠበቅኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንድትሞት ፈልጌ ነበር። በሳምንቱ ብለካት ስኳሯ እንደ ጤነኛ ድመት ሆኗል። አንዳንዴ ድመትን በሽታው እንዲህ ይለቃታል። ለካ ያንን ግማሽ ብልቃጥ ሳትፈልገው ነው የደበቅኩላት! ዛሬም ደጃፌ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች።

ጡረታዬን ሁለት ዓመት አስቀድሜ የጠየቅኩት ታምሜ አይደለም። በይርጋለም ክፍል በር ማለፍ አቅቶኝ ነው።

ገላነሽ፣ ጥሪዬን አክብረሽ መጥተሻል። በለቅሶው ላይ አቅፈሽኝ «መድኃኒት ይዛ የሮጠችልኝ እሷ ብቻ ናት» ብለሽ ለሰው ተናገርሽ። ዓመቱን ሙሉ በዚያ ምስጋና ኖርኩ። ለብቻሽ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደጃፍሽ ደርሼ ተመልሻለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ በሰው ፊት ይሉኝታ ይይዝሻልና።

ባልደረቦቼ፣ ጤና ይስጣችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ የገበሬውም ከብት ከበሽታ ይጠበቅ። የለመናችሁን ሰው ሳይረፍድበት የምትደርሱለት ያድርጋችሁ። ገላነሽን እግዚአብሔር ያጽናት። ምርቃቱ ከእኔ አፍ ቢወጣም፣ ስለ እሷ ስትሉ አሜን በሉ።