«ባለሙያውን ጥሪልኝ»

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ከሰበታ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ የተዘጋ ሰሞን፣ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የፉሪ ገበሬ የሴት ልጃቸው ሠርግ ቪዲዮ ያለበትን ሀርድ ዲስክ ይዘው ሰበታ ያለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ገቡ። «ልጄ፣ ባለሙያውን ጥሪልኝ» አሉኝ። «እኔ ነኝ» ስላቸው ወደ በሩ ዞር አሉ፤ ግን የት ይሄዳሉ?

ዲስኩን ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው አዳፕተር ጋር ስሰካው ኮምፒውተሩ አዲስ መስሎት «ኢኒሻላይዝ ላድርገው?» ይለኛል። እንደ አዲስ ላዘጋጀው ማለቱ ነው፤ እሺ ብለው ሠርጉ ገደል ገባ! ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ዲስኩ ሊነሳ ይሞክርና ይደክመዋል።

«ኦቦ፣ ይሄ አዳፕተር የቴሌቪዥኑ ዲሽ ነው አይደል?»

«ምን ለየው? ገጠመ እኮ!»

የዲሹ ጉልበት ስለማይበቃው የራሴን ሰካሁለት። ሙሽራዋ ስክሪኑ ላይ እየሳቀች ብቅ አለች። ወዲያው ራሷ ከአዲስ አበባ ለአባቷ ደወለች፤ መንገዱ ሲከፈት እዚያ እናሠራዋለን ልትላቸው።

ኦቦ ገመቹ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኹ፦ «ምን አዲስ አበባ ያስኬዳል? ባለሙያዋ ጋ ነኝ!»