የሂቦ ባልዲዎችና የአቶ ወልደማርያም በርሜል

ባለፈው ሰኔ ድሬዳዋ ውስጥ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት ጎረቤቶቼን በኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ቆመው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። አንደኛው የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛው አቶ ወልደማርያም ናቸው። ሁለተኛዋ ሂቦ ናት፤ በእርሻ ሙያ ተመርቃ ከእናቷ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። የሳይንስ አስተማሪ ስለሆንኩ ዳኛ እንድሆናቸው ያዙኝ።

ሂቦ በረንዳዋ ላይ በስምንት ባልዲ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቃሪያ ታበቅላለች። አቶ ወልደማርያም ባልዲዎቹ ይነሱ ብለዋል። ክፋት ኖሯቸው አይደለም። በግንቦት ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፈሽ በደንጊ ትኩሳት ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት።

«ልጄ፣ ትንኝ ከቆመ ውሃ ይራባል ብለው ሐኪሞቹ ነግረውኛል» አሏት። «ከባልዲው ሥር ውሃ እንዳለ ደግሞ አንቺው ነግረሽኛል። አትክልት እንደሆነ ቀፊራ ገበያ ሞልቷል። ለአንድ እስር ቆስጣ ብዬ ዘርፈሽን ልጣ?»

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አልተለመደም፤ ሂቦ ግን አንቱ ትላቸዋለች። ሳትቆጣ ወደ በረንዳዋ ወሰደችን። ስምንቱም እያንዳንዳቸው ሌላ ባልዲ ላይ ተደራርበዋል። የታችኛው ውሃ ይይዛል፤ በላይኛው ቀዳዳ የወረደ የጥጥ ጨርቅ ውሃውን ወደ አፈሩ ይስባል። የውሃ መሙያው ቱቦ አፍ በጥቅጥቅ መረብ ታስሯል።

«አባባ፣ ውሃው አለ፤ ትንኝ ግን መግቢያ የላትም» አለች። «አንድ እጭ ከተገኘ ወላሂ ሁሉንም ራሴ አወርዳቸዋለሁ። ግን የእርስዎንም ቤት እንይ።»

ተስማሙ። ስምንቱንም እያነሳን አየን፤ እጭ የለም። ከዚያ ወደ እሳቸው ቤት ወረድን። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ትልቅ በርሜል አላቸው፤ ለመቅዳት እንዲመች ክዳኑን ካነሱለት ቆይተዋል። በስልኬ መብራት አየሁት። ውሃው ውስጥ እጮች ይርመሰመሳሉ።

አቶ ወልደማርያም ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ለካ ያሳመምኳት እኔው ነኝ» አሉ ቀስ ብለው።

ሂቦ ውሃ ማጠራቀም ጥፋት እንዳልሆነ፣ የጎደለው ክዳን ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ ትንኟም ከየት እንደመጣች ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር እንደማይችል እኔ ጨመርኩ። በዚያው ቀን በርሜሉን ደፍተን ፈግፍገን ከደንነው። በሳምንቱ ኮሚቴው የሕንፃውን በርሜል ሁሉ አስከደነ።

ይሁንና ሽማግሌው ጥያቄያቸውን አልጨረሱም። በድሬ ፀሐይ ይህ ሁሉ ተክል ስንት ጀሪካን ይጠጣል? ሂቦ እንደነገረቻቸው አፈሩ ከሥር ስለሚርስ ውሃው ቶሎ አይተንም፤ በአራት ቀን አንዴ መሙላት ይበቃል። ማዳበሪያው የወጥ ቤት ልጣጭና አጎቷ ከሐርላ ገጠር የሚልኩላት የፍየል በጠጥ ነው። ፀረ ተባይ መድኃኒት አይነካውም፤ ስኳር ያለባቸው እናቷም በየቀኑ ከእሱ ይበላሉ።

አቶ ወልደማርያም ይህን ሰምተው በረንዳቸው ላይ አራት ባልዲ አስተከሏት። እኔም ሁለት አለኝ። ውሃ የሚቸግረው፣ መሬት የሌለው የከተማ ሰው ንጹሕ አትክልት ከደጃፉ ማግኘት እንደሚችል አሁን የሚጠራጠር ጎረቤት የለንም። ከበሽታው በኋላ ምግብ አልዋጥ ብሏቸው የነበሩት ወይዘሮ ዘርፈሽ ግን ስለዚህ ብዙ አያወሩም፤ ጠዋት በረንዳ ወጥተው ቆስጣቸውን በእጃቸው ይቀጥፋሉ፣ ሠርተውም ጠግበው ይበላሉ።