ይሄ የእንግዳ ነው

ጋሼ ልኬትን የማያውቅ የሰፈሩ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው ወይ ቤቱ በር የለውም። አርባ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሳጥን የሠሩ አናጢ ናቸው። ሁለት ጊዜ ሳይለኩ አንድ እንጨት ስለማይቆርጡ ይህ ስም ወጣላቸው፤ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውሱት ባለቤታቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

አንድ አርብ ቀትር ላይ፣ በሁለት እጃቸው ሁለት ሙሉ ዘንቢል አንጠልጥለው ከገበያ ሲመለሱ፣ ዝናብ ሳይታሰብ ወረደባቸው። ሮጠው አንድ ቤት ጣሪያ ሥር ሲጠለሉ በሩ ተከፈተና ጎረቤታቸው አስተማሪዋ ብቅ አለች።

«ውይ ጋሼ! ይግቡ እንጂ፣ በሞቴ!»

«አይ ልጄ፣ አላስቸግርሽም። አሁን ያባራል።»

«የምን ማስቸገር! ምሳ ላይ ነን።»

ገቡ። ያዩት ነገር ግን አላማራቸውም። ጠረጴዛው ላይ የአሮጌ ካላንደር ቁርጥራጭ፣ ሙጫና መቀስ ተበትኗል። ሁለቱ የአስተማሪዋ ሴቶች ልጆች ከወረቀቱ የመብራት ሽፋን እየሠሩ ነው። በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል አንድ ሰፊ ሳህን ቅቅል ድንች ከቲማቲምና ከዳቦ ጋር ተቀምጧል። አስተማሪዋ ወረቀቱን በክንዷ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላቸው፤ ሹካ ሰጠቻቸው፤ በቃ። ይቅርታ አልጠየቀች፣ ወደ ጓዳ አልሮጠች።

ጋሼ ልኬት ድንቹን አዩ። እንደ ልማዳቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ። የሙጫ ጠብታ ደርቆበታል።

«አትቀየሚኝ ልጄ» አሉ። «የተማርሽ ሰው ነሽ። እንግዳ የሚስተናገደው እንዲህ ነው እንዴ? እኔ ቤት ብትመጪ ድንች ቀቅዬ አቀርብልሻለሁ? ባለቤቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች! ጠረጴዛውስ? ሰው የለፋበት ዕቃ ነው። የኔን ብታይው፣ ሠርቼ ሳሎን ካስገባሁት አሥራ አንድ ዓመቱ፣ ዛሬም ያበራል። ፕላስቲክ አልብሼ ነው ያቆየሁት።»

«እሰየው። ማን ይበላበታል?»

«እንግዳ ነዋ!»

«ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ተበላበት?»

ጋሼ ልኬት አሰቡ። ወሩን ተዉትና ዓመቱን አሰቡ።

«እርስዎና እትዬስ የት ነው የምትበሉት?»

«እሷ ጓዳ፣ እኔ በረንዳ። ምን አለበት?»

«ተጣልታችሁ ነው?» አለች ትንሿ ልጅ ከወረቀቷ ቀና ብላ። እናቷ በዓይኗ ቀጣቻት፤ ጥያቄው ግን አንዴ ወጥቷል። አዋቂ በትህትና ሸፋፍኖ የሚያልፈውን ልጅ ፊት ለፊት ያፈርጠዋል።

አስተማሪዋ ወሬ ለማስቀየር ብላ ስለ ዘንቢሎቹ ጠየቀች። ሳታውቀው የባሰውን ነካች።

«እሁድ ልጄ ትመጣለች፣ ነርሷ» አሉ። «ከነሕፃኗ። ቤቴን ከረገጠች ሁለት ዓመቷ። አሁን ሥራዋን ወደ ሩቅ ቦታ ቀይረውባታል፤ ለስንብት ግማሽ ቀን ነው ያላት። ሰባት ዓይነት ምግብ እንዲሠራ አዝዣለሁ። ዘንድሮ ካልተደሰተች መቼ ተመልሳ እንደምትመጣ እንጃ።»

«ምነው ሁለት ዓመት ቀረች?»

«በደወልኩ ቁጥር ‹እናስቸግራችኋለን› ትለኛለች።» ሹካውን አስቀመጡ። «የዛሬ ሁለት ዓመት የመጣች ቀን እናቷ ምድጃ ሥር ዋለች፤ በወጉ እንኳ ሳይተያዩ መሸ። እኔ ደግሞ... ሕፃኗ ፕላስቲኩን ገልጣ ጠረጴዛዬ ላይ ሥዕል ልትሥል ነው። ‹ተነሺ! ይሄ የእንግዳ ነው!› አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ‹እኛስ ምንድን ነን?› አለችኝ።»

«ምን መለሱላት?»

«ምን እመልሳለሁ? ሳቅኩ። ልጄ ግን አልሳቀችም።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። አስተማሪዋ ወንበሯን ወደሳቸው ሳብ አደረገች።

«ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ ልናገር። ምርጡን ዕቃ ለምርጥ ሰው ማስቀመጥ ደግ ሐሳብ ነው። እርስዎ የተሳሳቱት ልኬቱን ነው።»

«እኔ ልኬት ተሳስቼ አላውቅም!»

«ምርጡ ሰው ማን እንደሆነ ሲለኩ ነው የተሳሳቱት።»

ሽማግሌው ሹካውን መልሰው አነሱ።

«ሰውስ ምን ይላል?» አሉ፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ። «ልጁን በድንች ሸኛት አይሉኝም?»

«ሰው እሁድ እዚያ የለም፤ እዚያ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፣ ጋሼ። ስንት ድግስ ሠራችልኝ፣ አንዱንም አላስታውሰውም። የማስታውሰው እንደዛሬ በዘነበ ቀን ሻይና ዳቦ ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ከአሮጌ ካልሲ አሻንጉሊት ስትሰፋልኝ ነው። ስጨርስ ትነሳብኛለች ብዬ ዳቦዬን ቀስ እያልኩ ነበር የምበላው።»

ጋሼ ልኬት ሳህኑን ወደሳቸው ሳቡ። አንድ ድንች በሉ። ጨው ጨመሩና ሁለተኛ በሉ። ሲወጡ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ደጁ ላይ ቆመው «ድንቹ ግን መጥፎ አይደለም» አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት ነው።

እሁድ ጠዋት ፕላስቲኩን ከጠረጴዛው ገፈፉት። ባለቤታቸው ከጓዳ ወጥተው ደርቀው ቀሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ አሞሃል?»

«ደህና ነኝ። ሰባቱን ዓይነት ተይው። ድንች ቀቅይ፣ ዳቦና ቲማቲም ይበቃል። ዛሬ አንቺም ትቀመጫለሽ።»

እትዬ መቀመጥ ቀላል መስሏቸው ነበር። ልጃቸው ከመጣች በኋላ ሦስት ጊዜ «ጨው ላምጣ፣ ውሃ ላምጣ» እያሉ ተነሱ፤ ሦስቱንም ጊዜ ነርሷ እጃቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። በሦስተኛው እጃቸውን ሳትለቅ ቀረች። እናትና ልጅ ተያይዘው ሲያወሩ፣ ሲስቁ፣ ደግሞ እንደ ማልቀስ ሲሉ ምሳው ቀዘቀዘ፤ ስለ መቀዝቀዙ ያማረረ የለም።

ሕፃኗ ግን ከጠረጴዛው ራቅ ብላ ቆማለች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ አልረሳችም።

«ነይ» አሏት አያቷ። ከሥራ ቤታቸው ያመጡትን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ከመላጊያ ሥር የሚወጣው ጥቅልል የእንጨት ፍቅፋቂ ተዘረገፈ። አርባ ዓመት ሙሉ እሳት ውስጥ የጨመሩት ነገር ነው። «ይህን አሻንጉሊት እናድርገው፤ ጥቅልሉ ፀጉር ይሆናል።»

«አያዬ፣ ይሄ ጠረጴዛ የእንግዳ አይደል?»

አናጢው ጉንብስ ብለው ከዓይኗ ጋር እኩል ሆኑ። «ነበር። ተሳስቼ ነው። የናንተ ነው፤ ይቅር በይኝ።»

ነርሷ ይህን ሰምታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የአሻንጉሊቱን እጅ ለመቁረጥ ሕፃኗ የራሷን እጅ ወረቀት ላይ አስቀምጣ በእስክሪብቶ ዙሪያውን ሣለች። ወረቀቷ ጠባብ ነበረች። አራቱ ጣቶች ወረቀቱ ላይ ዋሉ፤ አውራ ጣቷ ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ተሣለች። ልጅቷ ያደረገችውን አይታ ትንፋሿን ዋጠች። ጋሼ ልኬትም የለመዱት ቁጣ አፋቸው ድረስ መጥቶ ነበር፤ እውነቱን እንናገር። «ጥሩ መስመር ነው፤ እጅሽ አይንቀጠቀጥም» አሏትና መቀሱን አቀበሏት።

ሲለያዩ ነርሷ «እናስቸግራችኋለን» አላለችም። «ለዓመት በዓሉ እንመጣለን፤ ድንቹ ይኑር» አለች። እትዬም ከዚያ ቀን ወዲህ ጓዳ ውስጥ ብቻቸውን በልተው አያውቁም። ሁለት ሰዎች፣ ሁለት ሳህን፣ እንዳቅሚቲ የሆነ እራት፤ ወሬው ግን በአሥራ አንድ ዓመት የተጠራቀመ ነውና አያልቅም። ቤት ውስጥ ያለውን ደስታ ለማግኘት ድግስ መጠበቅ እንደማያሻ ለአንባቢ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በሳምንቱ ጋሼ ልኬት ያችን የአውራ ጣት መስመር ሳያጠፉ በላይዋ ቫርኒሽ ቀቡባት። በር ሊያሠራ የመጣ አንድ ደንበኛ ሳሎን ገብቶ መስመሯን ሲያይ ተገረመ።

«እንዴ ጋሼ! እርስዎን የሚያህል ባለሙያ ይህችን በብርጭቆ ወረቀት ማጥፋት ያቅተዋል?»

«ዋ! እንዳትነካት» አሉ። «ልኬት ናት። የልጅ ልጄ ስትመጣ ስንት እንዳደገች የማየው በሷ ነው። ይልቅ ተቀመጥ፤ ምሳ ላይ ነን።»